መንታው ላይ እጁን ያነሳው ሰው

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሰው ልነግራችሁ ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንዳልጠራ አደራ ብሎኛል። ስለዚህ ዞር ዞር እያላችሁ አትፈልጉት። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም።

ይህ ሰው የጂኦግራፊ መምህር ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ጠንከር ሲል፣ ከሁለት የኮሌጅ ጓደኞቹ ጋር ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ወደ ተራራ ይወጣል። አንደኛው ጓደኛው ወንድይፍራው ነው፤ ወንዴ ይሉታል። ሌላው አምሳሉ ነው። የሚሄዱት ተራራ ላይ ወዳሉ ሐይቆች ነው። አንድ ዓመት ወንጪ፣ ሌላ ዓመት ዘንገና። አንድ ጊዜማ እስከ ባሌ ዘልቀው፣ ሰነቴ ላይ ካሉት ትናንሽ ሐይቆች አጠገብ ድንኳን ተክለው በብርድ ተንቀጥቅጠው ተመልሰዋል።

ዘጠኝ ዓመት! ሚስት ሲያገቡ ጉዞው አልቀረም። ልጅ ሲወለድ አልቀረም። አምሳሉ ሥራ ቀይሮ ሐዋሳ ሲገባ እንኳ አልቀረም።

በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ሁሉ መንገድ የሚመራው ማን ነበር? ይህ መምህር ነበር። የት እንደሚታደር የሚወስነው እሱ፣ በሶውን የሚበጠብጠው እሱ፣ ጠዋት ጸሎት የሚያደርገው እሱ። "አለቃ" ነበር የሚሉት። ደመወዝ የሌለው አለቃነት ነው፤ ግን ደስ ይላል አይደል? ዓመቱን ሙሉ ርዕሰ መምህሩ ሲያዝዘው የሚከርም ሰው፣ ለሦስት ቀን አለቃ ሲሆን ደስ ይላል።

በአሥረኛው ዓመት ወንዴ ደወለለት።

"አለቃ፣ ዘንድሮ ደንዲ ሐይቅ ነን አይደል? አንድ ልጅ ይዤ ብመጣ ምን ይመስልሃል? ከቢሮዬ ነው። ኢዮስያስ ይባላል። በጣም ትወደዋለህ።"

"ይምጣ" አለ የእኛ ሰው። ሌላ ምን ይበል?

ኢዮስያስ መጣ። ረጅም ነው። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሦስቱን በሳቅ ገደላቸው። ዳገቱ ሲጀምር የአምሳሉን ድንኳን ተቀብሎ በራሱ ሸክም ላይ ደረበው። ከመንደር ሰው ጋር ሲገናኝ በኦሮምኛ ይጫወታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰላምታ አላለፈም። በዚያ ላይ ይዘምራል። ዳገት ላይ! እኛ ደረጃ ስንወጣ ትንፋሻችን ይቆረጣል፤ ይሄ ልጅ ዳገት ላይ ይዘምራል።

ታዲያ ይህ ክፉ ነገር ነው? አይደለም። መልካም ልጅ ነው። ችግሩም ይኸው ነበር። ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላት ቀላል ነበር።

ወገኖቼ፣ ቅናት ሲገባ በር አያንኳኳም። ይህ ሰው እንዴት እንደጀመረው ሲነግረኝ "መቁጠር ጀመርኩ" ነው ያለኝ። ምን ቆጠርክ አልኩት። "ወንዴ ስንት ጊዜ ስሙን እንደሚጠራ።" ከሰዓት በፊት ብቻ አሥራ አራት ጊዜ። ኢዮስያስ ይሄን እይ። ኢዮስያስ ያን ንገራቸው። "የእኔን ስም ሁለት ጊዜ ጠራ" አለኝ፤ "አንዱ ጨው የት አለ ለማለት ነው።"

ምሳ ላይ ፎቶ ተነሡ። ኢዮስያስ እጁ ረጅም ስለሆነ ስልኩን እሱ ያዘው። በኋላ ሲያዩት የኢዮስያስ ፊት ከፊት ለፊት ሞልቷል፣ ወንዴና አምሳሉ ከኋላ ይስቃሉ፣ የእኛ ሰው ጠርዝ ላይ ነው። ግማሽ ፊትና አንድ ጆሮ።

"ቆንጆ ወጥቷል!" አለ ወንዴ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ጸለየ። ስለ ፀሐዩ አመሰገነ፣ ስለ መንገዱ አመሰገነ። "ስለ ወንድሜ ስለ ወንድይፍራው አመሰግንሃለሁ፣ ስለ ወንድሜ ስለ አምሳሉ አመሰግንሃለሁ፣ አሜን" አለ። አራት ሰው ቆሞ፣ ሁለት ስም ጠርቶ አሜን አለ። ኢዮስያስ ግን አሜን ያለው ከሁሉም ጮክ ብሎ ነበር።

እናንተስ ከጸሎታችሁ የዘለላችሁት ስም የለም?

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የተራራውን ጫፍ ተሻግረው ወደ ሐይቁ መውረድ ጀመሩ። የአምሳሉ የጫማ ሶል ተገንጥሎ ስለነበር ወንዴ በገመድ ሊያስርለት ከኋላ ቀረ። ኢዮስያስ "ቀድሜ ልውረድና ድንኳን የምንተክልበት ቦታ ልይ" ብሎ ወደ ፊት ሄደ። የእኛ ሰው መሃል ላይ ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ቀጭን ነው፣ በሣር ተሸፍኗል፤ ግን ሐይቁ ዳር ያደርሳል። የግራው ሰፊ ነው፣ የተረገጠ ነው፤ ግን የከብት መንገድ ነው። ወደ ገደል አፋፍ ይወስድና እዚያው ይቀራል። ይህን ከአራቱ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ በዚያው በኩል ተሳስቶ ያውቃል።

ኢዮስያስ መንታው ላይ ደረሰ። ቆመ። ወደ ግራ ጀመረ።

በመካከላቸው ያለው ርቀት ከዚህ መድረክ እስከዚያ በር ቢሆን ነው። አንድ ጥሪ ይበቃል። "ኢዮስያስ! በቀኝ!" ይኸው ነው። የእኛ ሰው አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው።

ልጁ እንዲሞት ፈልጎ ነው? በፍጹም። "የፈለግኩት ትንሽ እንዲሳሳት ነው" አለኝ። "ግማሽ ሰዓት ተንከራትቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ እንዲመለስ። ወንዴ 'አለቃን ብንሰማ ኖሮ' እንዲል። በቃ ይህችን ብቻ።" ይህችን ብቻ! ቅናት ሁልጊዜ የሚጠይቀን ጥቂት ነው።

ኢዮስያስ አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ዞር አለ። ሰውየውን አየው። እጁን አነሳ። የእኛ ሰውም እጁን አነሳ። ልጁ ፊቱን አዙሮ በግራ መንገድ ወረደ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ጉም መጣ። ደጋ ላይ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ቀጥሎ በረዶ ተቀላቅሎበት ዘነበ። ሦስቱ ተጠራርተው በቀኙ መንገድ እየተንሸራተቱ ሐይቁ ዳር ደረሱ። ድንኳን የለም። ኢዮስያስ የለም።

"ኢዮስያስ!" ጮኸ ወንዴ። መልስ የለም። ወደ እኛ ሰው ዞረ። "አለቃ፣ አንተ ከፊት ነበርክ። በየት እንደሄደ አይተሃል?"

"አላየሁም" አለ።

ለምን ዋሸ? ካላችሁኝ፣ ዝም ማለቱን እንዴት ብሎ ይናገር? መጀመሪያ ዝም ያለ አፍ ቀጥሎ መዋሸቱ አይቀርም።

ወንዴና አምሳሉ በሐይቁ ዳርቻ ወደ ምሥራቅ እየተጣሩ ሄዱ። በተቃራኒው አቅጣጫ ማለት ነው። እሱም አብሯቸው ሄደ። የትም እንደማያገኙት እያወቀ፣ አብሯቸው "ኢዮስያስ! ኢዮስያስ!" እያለ ጮኸ። ወንዴ አሥራ አራት ጊዜ ሲጠራው ያንገበገበውን ስም፣ አሁን ራሱ ድምፁ እስኪዘጋ ይጠራዋል።

መፈለግ ከጀመሩ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አምሳሉ ያ የታሰረ ጫማው ወልቆበት ጭቃ ላይ ቁጭ አለ። "እናቱ ስልኬን ተቀብላኛለች" አለ እያለቀሰ። "ስንነሣ 'አንተ ትልቅ ትመስላለህ፣ ልጄን አደራ' ብላኛለች። ምን ብዬ ልደውልላት?"

ያን ጊዜ ነው የእኛ ሰው አፉን የከፈተው።

"በግራ ነው የሄደው" አለ። "አይቼዋለሁ።"

ወንዴ አልጮኸበትም። ቢጮህበት ይሻል ነበር። "መቼ?" አለው ብቻ።

"መንታው ላይ።"

"እና ዝም አልከው?"

"ዝም አልኩት።"

ወንዴ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ዳገቱ ሮጠ።

መንገድ ላይ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ገበሬ አገኙ። ገብሳቸውን በረዶ መታው አልመታው ሊያዩ ወጥተው ነው። ነገሩን ሲሰሙ "በዚያ በኩል ከሄደ ገደሉ አለ" ብለው ጎረቤቶቻቸውን ተጣርተው ከፊት ቀደሙ። አገኙት። ከአፋፉ ተንሸራትቶ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርዷል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል። ግን በሕይወት አለ።

ኦቦ ቱሉ ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉት። ከእንጨትና ከድንኳን ሸራ ቃሬዛ ሠሩ። የእኛ ሰው የፊቱን ጫፍ ያዘ፤ አልቀየርም አለ። ትከሻው እየተላጠ ተሸከመ።

አሁን የምነግራችሁን ስሙኝ። ዳገቱን ሊጨርሱ ሲሉ ወንዴ "ምነው በዚያ በኩል ሄድክ?" አለው። ኢዮስያስ ጥርሱ እየተንገጫገጨ እንዲህ አለ፦

"ጥፋቱ የእኔ ነው። መንታው ላይ ተጠራጥሬ ነበር። ዞር ብዬ አለቃን አየሁት። አንተው አይደለህ 'መንገድ ካሳሳተህ እሱን እይ፣ እሱ አይስትም' ያልከኝ? እጁን ሲያነሳልኝ ልክ ነኝ ብዬ ሄድኩ። ምልክቱ ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል። አትቆጡት።"

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ቦታዬ ተወሰደብኝ ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሲቃጠል ነበር። ቦታው ተወስዶ ነበር? አልተወሰደም! ወንዴ ገና ከመነሣታቸው በፊት ለእንግዳው የሰጠው ምክር "እሱን እይ" የሚል ነበር። ያ የቀናበት ልጅ ነፍሱን በእሱ እጅ ላይ ጥሎ ነበር። እሱ ግን ወንዴ ስንት ጊዜ ኢዮስያስ እንዳለ ይቆጥራል።

ቃሬዛውን እንደተሸከመ አለቀሰ። ኋላ ያሉት ዝናብ መስሏቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄዶ አልጋው አጠገብ ቆመ። "ምልክቱ ገብቶሃል" አለው። "ስህተት እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያነሳሁት።"

"ለምን?" አለው ኢዮስያስ።

"ቀናሁብህ።"

"በምን?"

ምን ብሎ ይመልስ? በፎቶ? በሳቅ? እዚያ ጫፍ ላይ ሆኖ ትልቅ የመሰለው ነገር ሁሉ፣ በጀሶ ከታሰረ እግር አጠገብ ሲቆም ለመናገር እንኳ አሳፈረው።

ኢዮስያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "አሁን ሂድልኝ" አለው።

ሄደ። እዚህ ላይ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተቃቀፉም። ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አልተደዋወሉም። ወንዴም አላነጋገረውም። ሰውየው በየጠዋቱ አንድ ስም ብቻ እየጠራ ጸለየ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ስልኩ ጮኸ።

"ኢዮስያስ ነኝ። በክራንች ደረጃ መውረድ እየተለማመድኩ ነው። የሚይዘኝ ሰው እፈልጋለሁ። ትመጣለህ?"

መጣ። በየቅዳሜው መጣ። ክንዱን ይዞ፣ አንድ ደረጃ፣ ደግሞ አንድ ደረጃ። "ቀኝህን አስቀድም" ይለዋል፣ ኢዮስያስም ያስቀድማል። በአራተኛው ቅዳሜ ይመስለኛል፣ ኢዮስያስ መሃል ላይ ቆሞ "ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን ቶሎ አልረሳውም፣ ታገሠኝ" አለው። ይህም ይቅርታ ነው፣ ወገኖቼ። ምናልባትም እውነተኛው እሱ ነው።

በቀጣዩ ዓመት አልተጓዙም። በሁለተኛው ዓመት ወንዴም ታርቆት አራቱም ወንጪ ወረዱ፤ ቀስ ብለው። ኢዮስያስ ዛሬም ቁልቁለት ላይ ያነክሳል። የእኛ ሰው ያቺን ማነከስ ባያት ቁጥር ያመዋል። ግን አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ ወደ ገደል ሰው አልሰደዳችሁም፤ አውቃለሁ። ግን አንቺ፣ አዲሷ ዘማሪ ዜማውን ስትስት እየሰማሽ፣ ሕዝብ ፊት ስትዋረድ ልይ ብለሽ ዝም ያልሽው የለም? አንተ፣ አዲሱ የሥራ ባልደረባህ ሪፖርቱን አሳስቶ ለአለቃው ሲያስገባ አይተህ ሻይህን የጠጣኸው? የወንድማችሁ ሚስት በቤታችሁ ሁሉ ስለተወደደች፣ የአማቷን ጠባይ እያወቃችሁ ያልነገራችኋት?

ምንም አላደረግኩም ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ምንም አላደረጋችሁም። እኔም የምጠይቃችሁ ስለዚሁ ነው።

ያ የቀናችሁበት ሰው ሲጨንቀው ዞር ብሎ የሚያየው እናንተን ቢሆንስ? ጌታ በፈቃዱ ያን ሰው ሊነጥቃችሁ ሳይሆን እንድትይዙት አደራ ሰጥቷችሁ ቢሆንስ?

እንግዲህ ከመካከላችሁ አሁን አንድ ስም በልቡ የመጣበት ሰው አለ። ሰውየው ገና አልወደቀም። ገና ይሰማችኋል። እኔ ስጨርስ አሜን አትበሉኝ። ወደ ግቢው ውጡ፣ ስልካችሁን አውጡ፣ "ልነግርህ ሲገባኝ ዝም ያልኩህ ነገር አለ" በሉት። አሜኑን ከዚያ በኋላ ተመልሳችሁ ትሉታላችሁ፤ እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።