የመሪው ጀግና ቦታ

ተረት ልንገራችሁ፣ ጆሯችሁን ወዲህ በሉ። ጀግና ማለት ሌላው ሲሸሽ ወደ ፊት የሚሄድ ነው።

በአንድ ወቅት እንስሳት አራት ጀግኖች የሚተባበሩበት ፊልም ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሰምተው ሰፈሩን በጩኸት ቀወጡት። ከሁሉም ይልቅ የጓጓው አህያ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጭነት ሲሸከም ኖሯልና አንዴ እንኳ ጀግና ሆኖ መታየት ፈለገ።

«መሪው እኔ ነኝ!» አለ።

«በዚህ ጆሮ? የጀግናው ጭምብል እንዴት ይገባልሃል!» ብላ እመት ጦጣ ከዛፏ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች። «ደግሞ ፊልሙ ጫካ ውስጥ ነው መሆን ያለበት።»

«ገደል ላይ ካልሆነ አልጫወትም!» አለች ፍየል።

ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ክፉውን ሆኖ የሚጫወት እንደሌለ ትዝ አላቸውና አያ ጅቦን ጠሩት።

አያ ጅቦ በትሕትና አዳመጣቸው። «ቦታው ሜዳ ይሁን፣ ለሩጫ ይመቻል» አለ። «መሪነቱ ለአህያ ይገባል፤ ምን የመሰለ ትከሻ አለው! እስቲ አሁኑኑ እንለማመድ።»

አህያ በደስታ አናፋ። አያ ጅቦ ከተቀመጠበት ሲነሣ ሌሎቹ ወደ ዛፍና ወደ ገደል ሸሹ፤ አህያ ግን ወደ ፊት ሄደ።

ክርክሩ በዚያው አበቃ። የመሪው ጀግና ቦታ እስካሁን ክፍት ነው።