ሸክላ ሠሪዋና የተከለከለው ስድብ

አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ አዝመራ፣ አልረሳሁትም። የትምህርት ቤታችሁ ኮሚቴ ያንን የቆየ ልብ ወለድ ስድብ አለበት ብሎ ከክፍልም ከቤተ መጻሕፍትም እንዲወጣ ወስኗል፤ የአማርኛ መምህሯ አንቺ ስለሆንሽም ፈርሚ ብሎሻል። ልፈርም ወይስ አልፈርም ነው ያልሽኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ሳስተምር ኖሬ ለጥያቄ ቀጥተኛ መልስ መስጠት አልለመደብኝም። መጀመሪያ ሸክላ ሠሪዋን ስሚ።

ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጇ ጋር ከመንደር ዳር ትኖር ነበር። አገሩ ሁሉ የሚበላው በእሷ ድስት፣ ውሃ የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው። ያም ሆኖ በዚያ አገር ሸክላ ሠሪን በክፉ ዐይን ማየት የቆየ ልማድ ነበር። በዚያው መንደር የሚኖር የአንድ ባለጸጋ ልጅ ታመመ። ባለጸጋው ምንጭ ድረስ ወርዶ፣ ውሃ ሊቀዳ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አላት፦ «አንቺ ቡዳ፣ ልጄን በላሽው። ቀን ጭቃ ታቦኪያለሽ፣ ሌሊት ጅብ ሆነሽ መቃብር ትቆፍሪያለሽ። የወለድሻትም ያው ናት።»

ልጁ ብዙም ሳይቆይ ድኖ ይሮጥ ጀመር። ስድቡ ግን መንደሩ ውስጥ ቀረ። ሸክላ ሠሪዋ ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ልጇ ምንጭ ስትወርድ ሌሎቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሸሿታል። ገበያ ያወጣችውን ድስት የሚገዛ ጠፋ፤ አንዳንዱም አገር ለቃ ትሂድልን ይል ጀመር። ሴትየዋ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ያ ቃል ውሸት ነው ተብሎ በአደባባይ እንዲፈረድላት። ይህ ካልሆነ ልጇን ይዛ መሰደዷ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከሾላ ሥር ተሰበሰቡ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ፤ ደግ አባባል ነው፣ ሁሌም ይሉታል። ከዚያ አለቃቸው ወደ ሴትየዋ ዞረው፣ «ልጄ፣ እዚህ የተከበረ ሰው አለ፣ ሕፃናትም አሉ። ያንን የሚቀፍ ቃል አፍሽ ላይ እንዳታመጪው። ‹ክፉ ቃል ተናገረኝ› በዪ፣ ይበቃል» አሏት። እሷም ሽማግሌ ናቸው ብላ እንደታዘዘችው «ክፉ ቃል ተናገረኝ» አለች።

ባለጸጋው ተጠየቀ። «ልጄ ቢታመምብኝ ተናድጄ ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ፣ አልክድም» አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ሰውየው አምኗል፤ ደግሞስ አባት ነው፣ ሲናደድ ክፉ ቃል የማያመልጠው ማን አለ? ምሳ ሳይደርስ ነገሩ ሊያልቅ ነው። «በዪ ይቅር በዪው፤ ተሳሳሙና ተለያዩ» አሏት።

ሴትየዋ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እንዲህ ታርቃ ቤቷ ብትገባ፣ የምትገባው ቡዳ እንደተባለች እንደሆነ ገብቷታል። «አባቶቼ፣ አልስመውም» አለች። «ምን እንዳለኝ ሳትሰሙ ምኑን ነው የምታስታርቁን?»

ከዚያ ቃሉን አለችው። ቡዳውንም፣ ጅቡንም፣ መቃብሩንም፣ አንድ ሳታስቀር። ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ጆሮውን በጋቢው ሸፈነ። አለቃው፣ «አንቺ ሴት፣ ልጅሽ አጠገብሽ ተቀምጣ አታፍሪም?» ብለው ተቆጡ።

«ልጄማ ምንጭ በወረደች ቁጥር ትሰማዋለች አባቴ። እዚያ ስትሰማው ብቻዋን ናት። እዚህ ከእናቷ ጋር ትስማው። ውሸት ነው የሚላት ሰው ካለም አብራ ትስማ።»

አለቃው ቢጨንቃቸው ወደ ባለጸጋው ዞረው «ይህን ብለሃል?» አሉት። ቅድም በቀላሉ ያመነው ሰውዬ አሁን መሬት መሬት እያየ በስንት ጉትጎታ «አዎ» አለ። በገበያ ቀን ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ያለውን ሳያጎድል መልሶ ተናግሮ፣ «ይህ ውሸት ነው፤ የተናገርሁትም እኔ ነኝ» እንዲል ተፈረደበት። እንደተፈረደበትም አለ። መንደሩ በዚያ ቀን መልአክ አልሆነም፤ የልጆቻቸውን ፊት መሸፈን ያልተዉ እናቶች ነበሩ። ልጅቷ ግን ምንጩ ላይ ቡዳ ያላትን ሁሉ «ባለጸጋው ራሱ ውሸት ነው ብሏል» እያለች እንስራዋን ሞልታ ትመለስ ጀመር።

እንግዲህ አዝመራ፣ መጽሐፍሽ ሸክላ ሠሪዋ ነው። ደራሲው ስድቡን አልፈጠረውም። አገሩ ሲለው ሰማ፤ ማን ለማን እንዳለው፣ የተባለውም ሰው ምን እንደደረሰበት መሰከረ። ኮሚቴው ደግሞ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ጨዋ ናቸው፤ ጨዋነታቸው የሚጠቅመው ግን ተሳዳቢውን ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ መጽሐፉ ሲወጣ ደስ የሚለው የወጋው ነው።

አያቷ ቀጥቃጭ የነበሩት ተማሪሽ ክፍል ውስጥ አለቀሰች ብለሽኛል፤ ልጆቹ «ቡዳ» የሚለውን ቃል እያነበቡ ወደ እሷ ዞረው ሲስቁ። ለእሷ ስል ባወጣውስ ትያለሽ። ልቅሶዋ እውነት ነው፣ እኔንም አሞኛል። ግን እስኪ ጠይቂያት፤ ቃሉን መጀመሪያ የሰማችው ከመጽሐፉ ነው? መጽሐፉ ቢወጣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሚሏት ይቀራል? የሚቀርባት መጽሐፉ ለዚያ ቃል የሚሰጠው መልስ ብቻ ነው። ደግሞ ልጆቹ ሲስቁ አንቺ የት ነበርሽ? ይክፋሽ እንጂ እነግርሻለሁ፤ ገጹን አስነብቦ ዝም ማለት ማስተማር አይደለም።

ስለዚህ አትፈርሚ። ስብሰባው ላይ ቆመሽ ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው፤ መቆጣት ያማራቸው ይቆጡ። ከዚያ በኋላ ልፈርም የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ያቺን ልጅ ይጥራትና ዐይን ዐይኗን እያየ፣ «ይህን ቃል ማንም ብሎሽ አያውቅም» ይበላትና ይፈርም።