የታፈረ ልጅ

ላም የለባትም፣ በረትም የለባትም። ይቺ ተረት የከተማ ናት፤ ያለባት አንድ በር ነው። የበሩን ቁልፍ የፈለገችው ውዴ ታፈረ ናት። ውዴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አዲስ አበባ መጥታ፣ በአጎቷ ልጅ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ትተኛለች። የአጎቷ ልጅ ሚስት ፊቷን ካጠቆረች ሰንብታለች፤ በመጨረሻም ለጥምቀት እንግዳ እንዳለባት ነገረቻት። እስከዚያ ቤት ካልተገኘ፣ እናቷ በእልልታ የሸኘቻት ልጅ አንገቷን ደፍታ አገሯ ልትገባ ነው።

ውዴ አንዲት የምትከራይ ክፍል አገኘች። የክፍሏ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ሻይ ጋበዘቻት፣ አገሯን ጠየቀቻት፣ ጨዋነቷን ወደደችላት። ቁልፉን ግን ከመቀነቷ አልፈታችም። የከተማው መታወቂያ ለሌለው አላከራይም አለች። መታወቂያ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ውዴ ከጫማው ሥር።

ውዴ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ ሥራ ለሌለው መታወቂያ አልሰጥም አለች። ሥራ ከሌለ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ውዴ ከጫማው ሥር።

ውዴ ወደ ቀለም ፋብሪካው ሄደች። ተፈተነች፤ አንደኛም ወጣች። አስተዳዳሪው አመሰገናት፣ አጨበጨበላት፣ ከዚያም ደመወዝተኛ ዋስ ካላመጣሽ አልቀጥርሽም አላት። ዋስ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ውዴ ከጫማው ሥር።

የአጎቷ ልጅ ታክሲ ነጂ ነው እንጂ ደመወዝተኛ አይደለም። ስለዚህ ወደ ወዳጁ ወደ አቶ ጌጡ ላካት። አቶ ጌጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በቢሮው ተቀብሎ አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ብትጠፊ የት ብዬ ልፈልግሽ? ቤት ለሌለው ሰው ዋስ አልሆንም» አላት።

ቤት ከሌለ ዋስ የለም፤ ዋስ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ቁልፍ የለም፤ ቁልፍ ከሌለ ቤት የለም። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይላሉ አበው። ውዴ ዞራ ዞራ ቤቱን አጣችው።

ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ዘበኛው አዘነላት፤ አይዞሽ አላትና እንደ አገር ቤት ሰው የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። እሷም እንደ አገር ቤት ልጅ፣ «የታፈረ» ብላ መለሰች።

ዘበኛው ከወንበሩ ተነሣ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስማቸው አቶ ታፈረ ነዋ።

የውዴ አባት ታፈረ ደግሞ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሱ ስም የወጣ ቀን ግን መልአኩ ሳይሳሳት አይቀርም፤ ያን ምስኪን ተማሪ እንኳ አፍሮት አያውቅም። የሞተው እሷ ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ነው። አሁን ግን አንድ ዘበኛ ለዘበኛ ልጅ ብድግ ብሎ፣ ለአቶ ጌጡ ሊነግር ደረጃውን ሲሮጥ ወጣ።

አቶ ጌጡ ኮቱን እየቆለፈ ወረደ። «እህቴ፣ የአቶ ታፈረ ልጅ መሆንሽን ምነው ሳትነግሪኝ? አሁን ከቢሯቸው መውጣቴ ነው። አባትሽ ደኅና ናቸው፤ እየሳቁ ነው የተውኳቸው።»

ውዴ አፏን ከፈተች። አባቴ ሞቷል ልትል ነበር። ኮሪደሩ ታያት፤ ወደ አገሯ የሚመልሳት አውቶቡስ ታያት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

አቶ ጌጡ ስለ ቤት ሳያነሣ ዋስ ሆነ። ዋሱ ሲገኝ ፋብሪካው ቀጠረ፤ ፋብሪካው ሲቀጥር ጸሐፊዋ መታወቂያ ሰጠች፤ መታወቂያው ሲመጣ ወይዘሮ አስካለ መቀነቷን ፈታች፤ መቀነቱ ሲፈታ ቁልፉ ወጣ፤ ቁልፉ ሲወጣ በሩ ተከፈተ።

ውዴ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆማ ለእናቷ ደወለች። እናቷ እልል አለች፣ መረቀች፣ ከዚያም ድምጿ ሰለለ።

«የአባትሽ አምላክ ነው የደረሰልሽ» አለቻት።

«አዎ እማዬ፣ አባዬ ነው» አለች ውዴ። ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በአባቷ አፍራ አታውቅም፤ ያን ቀን በራሷ አፈረች።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ። ለውዴ አባቷን መልሱላት።