ሐኪሙን የፈተነው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ እንደ አንተው «ሐኪም አዋቂ ከሆነ እኔን ምን ያስጠይቀዋል? ራሱ ይድረስበት» የሚል።

ይህ ሰው ስኳር በሽታ ነበረበት። ጤና ጣቢያው ያዘዘለትን ርካሽ ክኒን በየጠዋቱ ቁርሱን በልቶ ይውጣል፤ ተስማምቶትም ነበር። ሰው ግን ደህና ሲሆን አርፎ አይቀመጥም። አንድ ሥር ማሽ ዘንድ ሄደና ለዚሁ ለስኳር ይሆናል የተባለ የተወቀጠ መራራ ሥር ይዞ መጣ። ሥር ማሹ «ለሰው ከተነገረ ይረክሳል» ብሎት ነበርና፣ ሚስቱ ሲበጠብጥ ብታየው እዚያው አስማላት።

«ከአፍሽ ከወጣ ገዳዬ አንቺ ነሽ» አላት።

ከዚያ ወዲህ መውደቅ አመጣ። በመጀመሪያ ሲያርስ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ድንገት ተዘረረ። ሁለተኛ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ስኳር በጥብጠው ሲያጠጡት ተነሣ። በሦስተኛው ግን መዋጥም አቃተው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰውና፣ በደም ሥሩ ግሉኮስ ተሰጥቶት በስንት መከራ ዓይኑን ገለጠ።

ሚስቱ እግርጌው ቆማለች። የሥሩን ዱቄት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች፤ ለምን ይዛው እንደመጣች ለራሷም አልገባትም።

«አባባ፣ ከኛ ክኒን ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለ ሐኪሙ።

«ምንም የለ።»

«የባህል መድኃኒትም ቢሆን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።»

«የለም አልኩህ እኮ!»

ሐኪሙ ግራ ገባው። «እንግዲያው ክኒኑ አልተስማማዎትም ማለት ነው። ሌላ ልጻፍልዎ። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ የሚገኘውም ከተማ ነው» አለና ብዕሩን አነሣ።

ሴትዮዋ የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች። ብትናገር መድኃኒቱ ይረክስና ባሏን በገዛ አፏ ትገድለዋለች። ዝም ብትል በሬያቸውን ሸጠው አዲሱን መድኃኒት ይገዛሉ፤ እሱም ነገ ጠዋት ያንኑ ሥር በጥብጦ ይጠጣል። አራተኛውን አወዳደቅ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ሐኪሙ ጽፎ ሊጨርስ ነው።

«ቆይ ዶክተር» አለች። ቋጠሮዋን ፈታችና ዱቄቱን የሚጽፍበት ወረቀት ላይ ዘረገፈችው። «ይኸው። ለስኳር ተብሎ የተሰጠው ነው። በየጠዋቱ ከክኒኑ ጋር ይጠጣዋል።»

«ገደልሽኝ!» ብሎ ጮኸ ባሏ።

ሐኪሙ ዱቄቱን ካስተዋለ በኋላ ብዕሩን አስቀመጠ። «ምን እንደሆነ አላውቀውም። ግን ክኒናችን ስኳር ያወርዳል፤ ይህም የሚያወርድ ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ነው የጣሉዎት። ይህን ይተዉት። ዛሬ እዚህ ያድራሉ፤ ክኒኑን መቼ እንደሚቀጥሉ እኔ እነግርዎታለሁ» አለ።

እንደተባለው አደረገ። በዚያው በርካሹ ክኒን፣ በሬውን ሳይሸጥ፣ ዳግመኛ ሳይወድቅ ኖረ። ሚስቱን ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፤ የኛ ሰው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ገበሬ አንተ ነህ። ሐኪሙ መድኃኒትን ተምሯል፤ ያንተን ጓዳ ማን ያስተምረው? የሚጠይቅህ የሕመምህ ግማሽ ወሬ አንተ ዘንድ ስለቀረ ነው። አፍህን ዘግተህ «ይድረስበት» ስትል በገዛ ነፍስህ እየተጫወትክ ነው። ይህን ስነግርህ ተናድጄ ነው፤ ፈርቼልህም ነው። ያ ገበሬ የምትናገርለት ሚስት ነበረችው። አንተ የምትውጠውን ግን ሚስትህም አታውቅም።