የጅቡ እናት የጠጣችው ውሃ

አንድ ጊዜ በአንድ ሸለቆ ዝናብ ቀርቶ ወንዙ ደረቀና ከገደሉ ማዶ ካለችው ምንጭ በቀር ውሃ ጠፋ። ጉልበት ያለው ወርዶ ይጠጣል፤ ያረጁትና የታመሙት ግን ከጎሬያቸው መውጣት አቃታቸው። ንጉሡ አያ አንበሶ አራዊቱን ሰብስቦ፣ ለደካሞቹ በፈቃዱ ውሃ የሚያመላልስ እንዳለ ጠየቀ።

አያ ጅቦ ስንት ሥጋ እንደሚከፈል ለማወቅ ፈለገ። ምንም እንደሌለ ሲነገረው ጀርባውን አዞረ። በጉባኤ ፊት ተናግራ የማታውቀው ዓይን አፋሯ እመት አህያ ግን፣ «ጀርባዬ ሸክም ለምዷል፤ እኔ ልሞክር» አለች። ቀበሮም ተከተላት። ያለ ጥቅም እንደማይንቀሳቀስ የሚያውቁት ሁሉ ተገረሙ። እሱ ግን ጅብን ለብቻው ጠርቶ መከረው።

«አያ ጅቦ፣ ሥጋ ባይኖረውም ና። ማን የት እንደሚኖር፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚያውቁ የምንማረው አሁን ነው።»

«ዕውቀት ይበላል እንዴ?» አለና ጅብ ጥላ ሥር ተጋደመ።

እመት አህያ መጀመሪያ ላይ መንገድ እየሳተች፣ ውሃውን ከቅሉ እያፈሰሰች ተቸገረች። ከሁሉ የከበዳት ወደ ጅቡ አሮጊት እናት ጎሬ መሄድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቅሉን ደጃፍ ላይ ጥላ ሮጠች። ውላ አድራ ግን አሮጊቷ ጥርስ እንደሌላት፣ ዓይኗም እንደጠፋ አየችና ቁጭ ብላ ታጠጣት ጀመር። ኤሊ ከመሬት በታች ውሃ ያለበት አፈር በምን እንደሚለይ አሳየቻት። ሽማግሌው ዝንጀሮ ቁስል የሚያደርቅ ቅጠል አስተማራት። ፍርሃቷ ለቀቃት፤ ድምፅዋም ተከፈተ።

በመጨረሻ ምንጯም ነጠፈች። አገር ለቆ መሄድ ግድ ሆነና አያ አንበሶ መንገድ መሪ ሊሾም ተነሣ። ጅብ ቀድሞ ለሹመቱ ራሱን አቀረበ።

«ደካሞቹ ሊወጡበት የሚችሉት መንገድ የቱ ነው?» አለው ንጉሡ።

ጅብ መንገዱን ስለማያውቅ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እመት አህያ ግን በየት እንደሚወጣ፣ ውሃ የት እንደሚቆፈር፣ ማን ሸክም እንደሚያሻው ሳትደናገር አስረዳች። እሷ መሪ፣ ቀበሮ ምክትል ሆነው ተሾሙ።

ጅብ አፍሮ ትንሽ ሥራ እንድትሰጠው ለመናት። እሷም ሳትቀየመው፣ እናቱ ከትናንት ጀምሮ እንደደከመች ነግራው ከምንጯ የተረፈችውን የመጨረሻ ውሃ በቅሉ ሰጠችው። አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ውሃ ተሸክሞ ሮጠ። ሲደርስ እናቱ ሞታ ነበር።

ተመልሶ መጥቶ አህያዋን ጠየቃት።

«ስሜን ጠርታ ታውቃለች?»

እመት አህያ ልትዋሸው አልፈለገችም። «የኮቴዬን ድምፅ በሰማች ቁጥር ‹ልጄ ነህ?› ትለኝ ነበር። አይደለሁም ማለት ከብዶኝ ዝም ብዬ አጠጣት ነበር» አለችው።

አራዊቱ ጉዞ ሲጀምሩ ጅብ ማንም ሳያዘው ኤሊን በጀርባው አዝሎ ከኋላ ተከተለ። ኤሊም አመሰገነችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳይከፈለን የምንሰጠው ጉልበት ዕውቀትን፣ ወዳጅንና መታመንን ይዞልን እንደሚመለስ፣ «ምን አገኛለሁ?» እያልን ያዘገየነው በጎነት ግን ለገዛ ወገናችን እንኳ ሳይደርስ እንደሚቀር ነው።