የተጠራ ይግባ

ፊታውራሪ ጓንጉል የሚካኤል ዝክራቸው ዕለት በረኛቸውን ጠርተው፣ «ያልተፈቀደለት አንድ ሰው ቢገባ አርባ ጅራፍ ትቀምሳለህ! ለመሆኑ ማንን ነው የምታስገባው?» አሉት።

«የተጠራ ይግባ፤ ጌታዬ ግን ባይጠሩም ይግቡ» አለ።

«ረዘመ! ሕግ ሲያጥር ነው የሚያምረው። ‹የተጠራ ይግባ›፣ በቃ!» ብለው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ሲመለሱ እንግዳው ሁሉ ገብቶ ይበላል። በረኛው በሩን እንደያዘ «ማን ጠራዎ?» አላቸው።

«አንተ! ከገዛ ቤቴ?»

ጅራፉ ትዝ ብሎት ጀርባውን እያሳከከው እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ እርስዎን የምታስገባ ቃል ነበረች፤ ረዘመች ብለው ጠዋት ቆረጧት። ሚካኤል ይርዳዎና፣ ከውስጥ ካሉት እንግዶች አንዱ እንዲጠራዎ ልለምንልዎ?»