ፊታውራሪ ጓንጉልን ያላከሳው ሻይ

ፊታውራሪ ጓንጉል ከውፍረታቸው የተነሣ በቅሎ ላይ የሚወጡት በአራት ሰው ድጋፍ ነበር። አንድ ሲራራ ነጋዴ ከቻይና የመጣ ነው ብሎ፣ እንደ ኩበት ተጠፍጥፎ የደረቀ ጥቁር ሻይ አመጣላቸው። «እንደ ጠላ ጥንስስ ተብላልቶ ዓመታት የከረመ ነው፤ ምግብ ያንሸራሽራል፣ ስብ ያቀልጣል» ብሎ ማለላቸው።

እሳቸውም ጮማ በቆረጡ ቁጥር ሻዩን ይጠጡበት ጀመር። መርዝ እንዳይኖርበት አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው፣ እንደ ወጉ፣ አሳላፊያቸው ነበር። ያ ሰው ከጮማው የሚደርሰው ሽታው ብቻ ስለሆነ ከስቶ ነፋስ የሚወስደው ይመስላል፤ ምላሱ ብቻ አልከሳም።

ወራት አለፉ። ፊታውራሪው ጭራሽ መታጠቂያቸው አልደርስ አላቸው። አንድ ቀን ግብር ላይ፣ መኳንንቱ በተቀመጡበት፣ አሳላፊውን አስቆሙት።

«የመድኃኒት ኃይሉ ያለው በመጀመሪያው ጉንጭ ነው። እየቀደምክ የምትወስድብኝ አንተ ነህ። ይኸው አንተ ከሳህ፣ እኔ ወፈርኩ። ብትክድ ጅራፉ ይኸውና» አሉት።

ሻዩ አይረባም ቢል ጌታውን በሰው ፊት ሞኝ ማድረጉ ነው፤ ይረባል ቢል ሌብነቱን ማመኑ። አሳላፊው እጅ ነሣ።

«እውነት ነው ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ። ቀድሞ የቀመሰ ኃይሉን የሚወስድ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሻዩን እርስዎ ይቅደሙኝ፤ ጮማውን ግን እኔ ልቅደምልዎትና ውፍረቱን ልሸከምልዎት።»